ይድረስ ለደጃፌ አሸዋ

ጉዳዩ፦ ደጃፌን እንድትለቅልኝ ስለመጠየቅ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ ልልህ አስቤ ነበር፤ የደብዳቤ ወጉ እንዲያ ነውና። ግን መቼ ፋታ ሰጥተኸኝ ነው የምትናፍቀኝ? ጠዋት በር ስከፍት አንተ። ማታ ስገባ አንተ። እራት ላይ እንኳን ጥርሴ መሃል ገብተህ ቅርጭጭ የምትለው አንተ ነህ፤ ልጆቹ በጫማቸው አስገብተውህ ከምንጣፍ ወደ እንጀራው በምን መንገድ እንደምትደርስ እግዜር ይወቀው።

የመጣህባትን ሌሊት አልረሳትም። ባለፈው ዓመት ጥቅምት፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት። ከባድ መኪና ቀን ቀን አዲስ አበባ ውስጥ እንደልቡ ስለማይንቀሳቀስ፣ አንተን የመሰለ እንግዳ የሚገባው ሰው ሲተኛ ነው። ሲኖው ወደኋላ እየጮኸ መጣ፣ ጀርባውን አነሳ፣ ከዚያ ሿ! የሰፈሩ መብራት በሙሉ በራ። ሾፌሩ «16 ሜትር ኩብ ነው፣ የላንጋኖ ነው፣ እንደ ዱቄት የተነፋ ነው» አለኝ። እኔም በፒጃማ ቆሜ ብር ቆጠርኩለት። (ሜትር ይዤ ወጥቼ አልለካሁህም። ማን በሌሊት አሸዋ ይለካል? የሚለካ ሰው አለ፤ ያ ሰው ዛሬ ቤቱን ጨርሶ ቡና እየጠጣበት ነው።)

እውነቱን ለመናገር የጠራሁህ እኔው ነኝ። ግቢያችን 105 ካሬ ነው። እናቴ ከገጠር መጥታ እኛ ጋ እንድትኖር፣ ከጓሮ በኩል 4 በ4 የሆነች አንዲት ክፍል ከነመታጠቢያዋ ልቀጥል ፈለግሁ። ይኸው ነው ሕልሜ። ፎቅ አላልኩ፣ ሳሎን አላሰፋሁ። የሚስቴ ወንድም «ለአንዲት ክፍል ደግሞ ኢንጂነር ምን ይሠራል? ብርህን አትበትን። እኔ የማውቀው ፎርማን አለ፣ እጁ ወርቅ ነው» አለኝ።

ወርቁ መጣ። ሜትር አልያዘም። ጓሮውን በእርምጃ ለካው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራተኛው ላይ የሚስቴን ጎመን ረገጠ። ከዚያ ቁራጭ ፌሮ አነሳና መሬቱን ጫር ጫር አድርጎ «ይኸው ፕላኑ» አለኝ። በማግስቱ ዶሮዎቹም የየራሳቸውን ማሻሻያ ጫሩበት።

«ስንት ይፈጃል?» ስለው ሰማይ ሰማይ አየና «እሱ እየሠራን የሚታይ ነው» አለ። መቼ እንደሚያልቅ ስጠይቀው «ዕቃ ከቀረበ 3 ሳምንት»። በጽሑፍ እንዋዋል ስለው ግን ፊቱ ተቀየረ። «ጋሼ፣ እኛ እኮ የምንተማመን ሰዎች ነን!» እኔም አፈርኩ፤ ሰው አለማመን ነውር ሆኖብኝ፣ ያለ ወረቀት ያለ ምስክር 60 ሺህ ብር ቅድሚያ አስታቀፍኩት። መጀመሪያ ምን ይገዛ? አሸዋ። ሲሚንቶ ሳይኖር፣ ብሎኬት ሳይኖር፣ መሠረት ሳይቆፈር፣ አሸዋ። «ሊወደድ ነው ጋሼ!»

አንተ ገባህ፣ እሱ ወጣ። ከዚያ በኋላ በስልክ ብቻ ሆነ፤ ሁልጊዜም «መንገድ ላይ ነኝ» ይለኛል። ጥር ላይ መንገድ ላይ ነበር። ፋሲካ መንገድ ላይ አለፈው። በዚህ አካሄዱ እኮ በእግሩ ሞያሌ ደርሶ ይመለስ ነበር። እናቴ ደግሞ በየሳምንቱ ትደውላለች፤ «ክፍሏ አለቀች ወይ ልጄ?» ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ «ዕቃው ቀርቧል እማዬ» እላታለሁ። አልዋሸሁም፣ አንተ ቀርበሃል።

አንተስ? አንተ ሰፈሩን ለመድከው፣ ከእኔ የበለጠ ታዋቂ ሆንክ። ለመንገደኛ አቅጣጫ ሲነገር «አሸዋው ያለበት ቤት» ሆኗል አድራሻዬ። ሕፃናቱ ይንሸራተቱብሃል። ድመቶቹ ጉዳያቸውን የሚያስፈጽሙት አንተ ዘንድ ነው፤ ሰልፍ የለ፣ ነገ ተመለሱ የለ። ጎረቤቴ «አንድ ባልዲ ብቻ፣ ሽንት ቤቷን ልለስናት» ብሎ ጀመረ። በባልዲ የጀመረ ሰው በካሪዮላ ሲመጣ ዝም አልኩ። አሁን አጥሩ አልቆ ተለስኖ ቀለም ተቀብቷል፤ አላፊ አግዳሚው «እንዴት ያምራል!» ሲል ከውስጤ አንዳች ነገር ይቆርጠኛል።

ሰኔ ላይ ከታች በኩል ሰው ሞተብን። የእድሩ ድንኳን ልክ አንተ የተንጋለልክበት ቦታ ላይ መተከል ነበረበት። ምሰሶው አንተን አልጨብጥ ብሎ አስቸገረ። ሽማግሌዎቹን ጥጉ ላይ በፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥናቸው፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ የአንደኛው አባት ወንበር በአንድ እግሩ ሰምጦ፣ እሳቸው ወደ ጎን ዘመም ብለው ሲያፅናኑ አየሁ። በለቅሶ ቤት የሳቅኩት ያን ቀን ነው፣ ያስቀየምኳችሁ ይቅርታ። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ከጎርፉ ጋር ተነስተህ የሰፈሩን የውሃ መውረጃ ዲች ዘጋህ። ደንብ አስከባሪው የመጣው ወደ አንተ ነበር፣ ቅጣቱን የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ።

በመጨረሻ ሚስቴ ወንድሟንም እኔንም ሳታማክር አንዲት ልጅ እግር ኢንጂነር ጠራች። ሜትር ይዛ መጣች! ጓሮውን አንዴ ዞረችና የመጀመሪያ ጥያቄዋን ጠየቀች።

«የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የት ነው?»

ፀጥ አልን። ቀስ ብዬ በጣቴ አሳየኋት፤ ፎርማኑ በፌሮ «ኮለኑ (ምሰሶው) እዚህ ይቆማል» ብሎ የጫረው ላይ ቆማ ነበር። ይህን ሁሉ ወር የጠየቀ የለም። ወርቁ አልጠየቀ፣ የሚስቴ ወንድም አልጠየቀ፣ ጉድጓዱን ከፍዬ ያስቆፈርኩት እኔ ራሴ አላስታወስኩም። እናቴን አምጥቼ ሴፕቲክ ታንክ ላይ ላስተኛት ነበር።

ፈቃድ አለህ ወይ ስትለኝ «ለአንዲት ክፍል?» አልኳት። የሕንፃ አዋጁን አነሳችብኝ፤ ትንሽ መኖሪያ ቤት ማለት ዝም ብለህ ሥራ ማለት እንዳልሆነ፣ በነባር ቤት ላይ መቀጠልም ፈቃድ እንደሚፈልግ በትዕግሥት አስረዳችኝ።

ከዚያ ወዳንተ መጣች። እፍኝ አነሳችህና በመዳፏ አሸችህ፤ ስታራግፍህ መዳፏ ላይ ቡናማ ሆነህ ቀረህ። «ባዶ ሃይላንድ አለ?» አለች። ሲሶውን በአንተ ሞላችው፣ ውሃ ጨመረች፣ በደንብ ናጠችው፣ መስኮቱ ላይ አቆመችውና «ነገ እናየዋለን» አለች። ነገ ተብሎ በነገው የመጣ ሰው በሕይወቴ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጠዋት አንተ ከታች ተቀምጠሃል፣ ከላይህ ደግሞ አውራ ጣት የሚያህል ጭቃ እንደ ቅባት ተጋድሟል። ከ6 በመቶ በላይ አፈር ያለው አሸዋ ወይ ይታጠባል ወይ ይመለሳል አለች፤ ያንተን በማስመሪያ ለካችውና ቁጥሩን እንኳን አልነገረችኝም፣ ዝም ብላ አዘነችልኝ። ላንጋኖ ሲሉህ ሰምተህ ዝም ያልክ፣ ዘርህ ይኸው ታወቀ።

ደግሞ ሒሳብ ሠራች። ለዚያች ክፍል፣ ብሎኬቱ፣ ልስኑ፣ አርማታው ተደማምሮ፣ 6 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃ ነበር። ሌላው ምን ሊሠራ መጣ? ለነገሩ የጎረቤቴን አጥር ሠርቷል። የሷ የፕላን ክፍያ ስንት እንደሆነ ልንገርህ? ካንተ ዋጋ ያነሰ ነው። ይህን ለሚስቴ ወንድም እስካሁን አልነገርኩትም፣ የሆነ በዓል እየጠበቅሁ ነው።

እንግዲህ እባክህ ተነሳልኝ። ማስነሻህ ከማምጫህ ሊበልጥ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የቀን ሠራተኞቹ አይተውህ ዋጋ ሲጠሩ መጀመሪያ የቤቱን ጭምር መስሎኝ ነበር።

ትናንት ደግሞ ስልኬ ጮኸ። ወርቁ!

«ጋሼ፣ ያቺ አሸዋ አለች?»

«አለች።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ቤት የሚቀጥል ሰው አግኝቻለሁ። የተነፋ የላንጋኖ ነው ብዬዋለሁ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሲኖ ይዤ እመጣለሁ፣ በር ይክፈቱልኝ።»

ምን ልበለው? ገላገልከኝ ልበል ወይስ ያን ምስኪን ልፈልገው? ለጊዜው ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«መንገድ ላይ ነኝ» አልኩትና ዘጋሁት።

ከሰላምታ ጋር፣
ባለ ደጁ

ግልባጭ፦
ለሰፈሩ ድመቶች፣ ሌላ ቦታ እንዲፈልጉ
ለጎረቤቴ፣ ባልዲዬን እንዲመልስ