በማሲንቆ ላይ የቀረበው የሳንቲም ክስ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር የአንድ ማሲንቆ ውድድር ማስታወቂያ በቴሌግራም ወጣ። የአዘጋጆቹን ስም አላነሳም። ጠቤ ከሰዎቹ ጋር ሳይሆን ከአንዲት ደንባቸው ጋር ነው። ተወዳዳሪው ብቻውን ማሲንቆ ሲጫወት አጭር ቪዲዮ ቀርጾ ይልካል። ከመላኩ በፊት ግን ጨዋታውን በስልክ ቱነር እንዲፈትሽ ታዟል። አረንጓዴ ካልበራ ቪዲዮው አይታይለትም። ቱነር ድምፅ ሲሰማ ቀስት የሚያወዛውዝ አፕ ነው። ከፒያኖ ቁልፎች በአንዱ ልክ ከሆንክ አረንጓዴ፣ ከዘመምክ ቀይ ይበራል።

ማስታወቂያውን ያየሁት ከጓደኞቼ ጋር ባለችን ትንሽ ግሩፕ ውስጥ ነው። ዘጠኝ ነን። ሥራችን አንድ ነው፤ በፒያኖ ቁልፎች መካከል የሚወድቅ ሙዚቃ እያደኑ መላላክ። ፈረንጆቹ ማይክሮቶናል ይሉታል። ፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ያለው እርምጃ ግማሽ ድምፅ ይባላል። ከዚያ ባነሰ እርምጃ የሚሄድ ሙዚቃ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ከአዘዞ የሚልክልን ባለባጃጅ አለ። ልጅ ሳለ አቋቋም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማና ሽብሸባ፣ የተማረ፣ አሁን ሒሳብ የሚያስተምር አለ። እኔ ሌሊት ሌሊት ዳታ የምጨርሰው ነኝ።

ማስታወቂያው ሲመጣ ባለባጃጁ አንዲት ቃል ብቻ ጻፈ። «ማሲንቆን?»

በዚህ ቢያበቃ ዝም እል ነበር። ግን ሰው ኮሜንት ላይ ምክንያቱን ሲጠይቅ ከዳኞቹ አንዱ መለሱ። ሐሳባቸውን ላሳጥረው። ቪዲዮው ሼር ተደርጎ የውጭ ሰው ጋ ሲደርስ የተበላሸ እንዳይመስል ነው፤ ማሲንቆ ፍሬት፣ እንደ ጊታር አንገት ላይ ድምፅ የሚለይ ብረት፣ ስለሌለው መሳቱ አይቀርም፤ 440 ደግሞ የዓለም ሕግ ነው።

ወይ ጉድ!

በውጭ ሰው ልጀምር። ማነው እሱ? ከአገሩ ሆኖ ቲክቶክ ላይ የኢትዮጵያ ማሲንቆ ብሎ የሚፈልግ ሰው ፒያኖ ጠፍቶበት አይደለም። ፒያኖማ ሰፈሩ ሞልቶለታል። ፋሲል ግንብን ሊያይ የመጣ ቱሪስት ግድግዳው ወጣ ገባ ነውና በብሎኬት ይስተካከልልኝ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ገንዘቡን ከፍሎ የመጣው ለዚያው ወጣ ገባ ነው። ዳኛው የፈሩት ፈረንጅ በሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው የሚኖረው።

ፍሬት የለውም ላሉት፣ ቫዮሊንም የለውም። የሰው ጉሮሮም የለውም። ማሲንቆማ እንኳን ፍሬት፣ ጣት ተጭኖ የሚያርፍበት ሰሌዳ የለውም። የተጫዋቹ ጣት የፈረስ ጭራውን አየር ላይ እንዳለ ነው የሚነካው፤ አንገቱ ላይ አይጫነውም። መሣሪያው የተሠራው እንዲንሸራተት፣ እንዲያለቅስ፣ እንዲያባብል ነው። ይህን ጉድለት ማለት ዋናተኛን እግሩ መሬት አልነካም ብሎ እንደ መክሰስ ነው።

440 ሕግ ነው? የማን ሕግ? ቁጥሩ የአንዲት ድምፅ ቁመት ብቻ ነው፤ በሰከንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ። እ.ኤ.አ. በ1859 የፈረንሳይ መንግሥት ያችኑ ድምፅ 435 ላይ ደንግጓት ነበር። በ1939 ለንደን ላይ ተሰብስበው 440 ላይ ተስማሙ። ዛሬም ብዙ የአውሮፓ ኦርኬስትራዎች 442 ወይም 443 ላይ ይቃኛሉ። የድሮ የአውሮፓ ሙዚቃ የሚጫወቱት 415 ድረስ ይወርዳሉ። ፖሊስ አልመጣባቸውም። ደግሞ 440 ስለሌሎቹ ድምፆች ርቀት የሚለው አንድም ነገር የለም። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዳኛው ሁለቱን ቀላቅለዋቸዋል። አዝማሪ ማሲንቆውን የሚቃኘው ለጉሮሮው ነው። ጉንፋን ከያዘው ዝቅ ያደርገዋል። አለቀ።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ትዕግሥት ይኑራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1885 አሌክሳንደር ኤሊስ የሚባል እንግሊዛዊ የድምፅን ርቀት መለኪያ አወጣ። አንድ ድምፅ ወጥቶ ወጥቶ መልሶ ራሱን የሚያገኝበትን ርቀት፣ ማለትም ኦክታቭን፣ 1200 ቦታ ከፈለው። እያንዳንዷን ሴንት አላት። እኛ በግሩፑ ሳንቲም እንላታለን። ፒያኖ ላይ ከቁልፍ ቁልፍ 100 ሳንቲም ነው። ቱነሩ አረንጓዴ የሚያበራው በየመቶው ወይም እሱን ተጠግተህ ስትቆም ነው።

ግን መቶዎቹን ማን አስቀመጣቸው? ተፈጥሮ አይደለችም። ክር ወጥረህ ርዝመቱን በሦስትና በሁለት ብታነጻጽር ጆሮ ደስ የሚለው አምስተኛ ድምፅ ታገኛለህ፤ 702 ሳንቲም ገደማ። ፒያኖ 700 ይሰጥሃል። በአምስትና በአራት ብታነጻጽር ለስላሳ ሦስተኛ ድምፅ ይወጣል፤ 386 ሳንቲም። ፒያኖ 400 ነው። አሥራ አራት ሳንቲም ጭማሪ! ሱቅ ሄደህ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ እንዲህ ቢጨመርብህ ባለሱቁን ትከሰው ነበር።

ለምን እንዲህ ሆነ? የሒሳብ መምህሩ ጓደኛችን በቮይስ አስረዳን። ከአንድ ድምፅ ተነስተህ 12 ጊዜ በንጹሁ አምስተኛ ብትወጣ ከ7 ኦክታቭ ጋር መግጠም ነበረብህ። አይገጥምም። 23 ሳንቲም ተኩል ያህል ታልፈዋለህ። ማንም ንጉሥ፣ ማንም ሊቅ ይህን ሒሳብ ማስተካከል አይችልም። አውሮፓውያኑ ያደረጉት ምንድን ነው? ትርፏን ለ12 አካፍለው በየቁልፉ ሥር ቀበሯት። በዚህም ፒያኖው በፈለገው ቁልፍ ተነስቶ መጫወት ቻለ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ለፒያኖ። ዋጋው ግን ከኦክታቩ በቀር ሁሉም ርቀት ትንሽ ትንሽ መሳቱ ነው። እንግዲህ ራሱ በዕዳ የተያዘ መሣሪያ ነው ዳኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማሲንቆን በ14 ሳንቲም የሚከሰው።

አዝማሪ 386 እያለ ይቆጥራል አላልኩም። ጭራሽ አይቆጥርም። ጣቱ ጆሮው በሚያርፍበት ያርፋል። ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፣ ሁሉም በኦክታቭ አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። 1200 ሳንቲም ላይ አምስት ሰው ስታሰፍር ሰፊ ሜዳ ነው። የሜዳው ስፋት ነው ጨዋታው። አንዱ አዝማሪ ሦስተኛዋን ድምፅ ዝቅ አድርጎ ያስለቅስሃል፣ ሌላው እዚያው ቅኝት ላይ ከፍ አድርጎ ያስቅሃል። አንቺ ሆዬ በኦርጋን ስትመታ እኔ ጥርሴን ያመኛል። ትዝታ በሳክስፎንም ያስለቅሳል ትሉኝ ይሆናል። ያስለቅሳል። ሳክስፎን በከንፈር ስለሚታጠፍ ነዋ! ተጫዋቹ ቁልፉን ይነካል፣ ድምፁን ግን በከንፈሩ ከቁልፉ ያሸሻል።

ደንቡ በወጣ በሁለተኛው ቀን ቱነሬን ይዤ ፒያሳ አካባቢ አንድ አዛውንት አዝማሪ ዘንድ ሄድኩ። ተጫወቱልኝ። ስልኩ ቀይ በቀይ ሆነ።

«ይኼ ቀይ የምን ነው?» አሉኝ።

«ስተዋል ማለቱ ነው ጋሼ።»

«ከማን?»

«ከፒያኖ።»

ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ። «ፒያኖ እዚህ የት አለና?»

መልስ አልነበረኝም። ዳኛው ካላቸው ይላኩልኝ።

ሰዎቹ ጎንደር ላይ ሆነው መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። የበዓታ ቤተ ክርስቲያን ለአቋቋም ማስመስከሪያ በሆነችበት ከተማ! የዜማ መጽሐፉን፣ ድጓን፣ ገልጦ ያየ ሰው ከፊደሉ በላይ ያሉትን ትንንሽ ምልክቶች ያውቃል፤ ይዘት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት፣ ቅናት። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተደራጁ ናቸው ይባላል። ምልክቶቹ ድምፅ የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆም አይደለም የሚናገሩት። እንዴት እንደሚሄድ ነው፤ ይርገብገብ፣ ደረት ውስጥ ይግባ፣ ይጎተት፣ ይቆረጥ። ጓደኛችን እንዳለው ርክርክን ቱነር ፊት ብታዜመው ቀስቱ ጠንቋይ ቤት የገባ ይመስላል። እና የአጥቢያው ሊቅ ቀይ በራባቸው ተብለው ይባረሩ?

ሌላው ዓለም ምን እንደሚያደርግ ግሩፓችን ውስጥ ገብታችሁ ብታዩ ጥሩ ነበር። ባለፈው ወር አንዳችን ጋሜላን የሚባለውን የባሊ ደሴት የነሐስ መሣሪያዎች ሙዚቃ ላከልን። እዚያ የነሐስ መሣሪያዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው ይሠሯቸዋል፤ ከዚያ አንዱን ከሌላው ሆን ብለው በትንሹ ያዛቡታል። ሁለቱ አብረው ሲመቱ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ያንን ኦምባክ ይሉታል፣ ማዕበል ማለት ነው። መዛባቱ ቢስተካከል ሙዚቃው ይሞታል። እኛ አገር ቢመጡ ግን በዚህች የቱነር ደንብ ይወድቃሉ።

አሜሪካዊው ሃሪ ፓርች ኦክታቩን 43 ቦታ ከፍሎ ለዚያ የሚሆን መሣሪያ በገዛ እጁ ሠራ። ቱርኮች አንዱን ሙሉ ድምፅ፣ ማለትም ሁለት ግማሽ ድምፅ፣ 9 ይቆርጡታል። እ.ኤ.አ. በ1932 ካይሮ ላይ ስለ አረብ ሙዚቃ ትልቅ ጉባኤ ተደርጎ፣ ኦክታቩ እኩል 24 ይከፈል አይከፈል ተጨቃጨቁ። አልተስማሙም። ጆሯቸውን ግን አልተዉም። ዛሬ ያማሃና ኮርግ ሩብ ድምፅ በአንዲት በተን የሚያወጣ ኪቦርድ ለአረብ ገበያ ይሸጣሉ። እነሱ ፋብሪካውን ወደ ጆሯቸው አመጡት፣ እኛ ጆሯችንን ወደ ፋብሪካው ልንወስድ ነው። ነገሩ ደግሞ፣ እኛ ሰርግ ላይ ከሚቆሙት ኪቦርዶች አንዳንዶቹም ቁልፉን በሳንቲም ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሜኑ አላቸው። ማን ይከፍተዋል!

ስቱዲዮ ያላቸው ወንድሞች ደግሞ ችግር የለም፣ ድምፅ በሚያስተካክለው ሶፍትዌር፣ በኦቶቲዩን፣ እናቃናዋለን አሉ። ኦቶቲዩንን እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው አንዲ ሂልደብራንድ ነው። ከዚያ በፊት ሥራው ነዳጅ ፍለጋ ነበር፤ ከምድር ሥር የሚመለስ የድምፅ ሞገድ እያነበበ። አከብረዋለሁ። ግን ነዳጅ ፈላጊ ስለ አምባሰል ምን ያውቃል?

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ማሲንቆ ከኪቦርድና ከቤዝ ጊታር ጋር ባንድ ውስጥ ከገባ መግባባት አለበት፤ አለዚያ ጆሮ ይታመማል። እሺ። ውድድሩ ግን ብቻውን ለሚጫወት ነው። ከማን ጋር ይግባባ? ከስልኩ?

ጣጣው ከአንድ ውድድር ያለፈ ስለሆነ ነው የጮህኩት። ድሮ የአዝማሪ ልጅ የሚማረው ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ነበር። አሁን ከስልክ ነው። የአዝማሪ አገር በምትባለው ቡርቧክስ ያለ ልጅ ይህን ደንብ ቢያነብ ምን ያደርጋል? ወይ ይተወዋል፣ ወይ ቪዲዮውን ስቱዲዮ ወስዶ ከፍሎ ያስቃናዋል። የተቃናው ቪዲዮ ያሸንፋል፣ ሼር ይደረጋል፣ በየስልኩ ይገባል። የሚቀጥለው ልጅ ያንን ሰምቶ ይለማመዳል፤ ጣቱንም ቱነሩ ያለበት ቦታ ያስቀምጣል። አባቱ ሲጫወቱ ሰምቶ «አባዬ፣ ስተሃል» ይላል። ሼር ማድረግ ዛሬ ማስተማር ነው፤ አዘጋጆቹ ይህን ያሰቡበት አይመስለኝም።

ስለዚህ እኛ ዘጠኛችን የተስማማነው ይህ ነው። የአዛውንቱን ጨዋታ ፈቅደውልን 41 ሰከንድ ቀርጸናል። ሳይቃና፣ ሳይጸዳ፣ ከጀርባ ሴቶቹ እየሳቁ፣ አንዱ «ተቀበል!» እያለ። ለውድድሩ እንልከዋለን። መጣሉን እናውቃለን። በዚያው ቀን በየገጻችን እንለጥፈዋለን።

ለዳኞቹም አንዲት ጥያቄ አለችን። ቅዳሜ ማታ ተሰባስባችሁ፣ ቱነሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና አንድ ትዝታ በየተራ ዝፈኑልን። ድምፃችሁ ይብቃ፣ ማሲንቆ አያስፈልግም። አረንጓዴ ያበራውን ሰው ቪዲዮ ሼር የማደርገው የመጀመሪያው እኔ ነኝ።