እርማት፦ «አርኤፍ ኔጌቲቭ ነው» ማለት ሩማቶይድ የለም ማለት አይደለም

ወንድሜ፣ «አርኤፍ ኔጌቲቭ ከወጣ ቁርጥማቱ ሩማቶይድ አርትራይተስ አይደለም» ያልከው ስህተት ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያዎች የሚያጠቃበት በሽታ ነው፤ አርኤፍ (ሩማቶይድ ፋክተር) ደግሞ በደም ምርመራ የሚፈለግ አንቲቦዲ ነው። ከሕመምተኞቹ ከ5ቱ 1 ያህሉ ደማቸው ውስጥ አርኤፍ አይገኝም፤ በሽታው ገና ሲጀምርማ ኔጌቲቭ የሚሆኑት ይበዛሉ። ፖዘቲቭ መሆኑም ብቻውን አይፈርድም። ሄፓታይተስ ሲ፣ ቲቢ፣ እርጅና ራሱ አርኤፍን ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። እንዲያውም በአንዲት የምርመራ ወረቀት ብቻ «ሩማቶይድ አለብኝ» ብሎ የሚጨነቅ ጤነኛ ሰው ጥቂት አይደለም። አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ሌላ የደም ምርመራ ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ እሱም ቢሆን ኔጌቲቭ ወጥቶ በሽታው ሊኖር ይችላል።

ሐኪም ከወረቀቱ በፊት እጅህን ያያል፦ የጣት መገጣጠሚያዎች አብጠዋል? ጠዋት ስትነሳ ጣቶችህ ደርቀው እስኪፍታቱ 1 ሰዓት ያህል ይፈጃሉ? እብጠቱ 6 ሳምንት ከሞላው፣ ውጤቱ ምንም ቢል፣ በማስታገሻ እያባበልክ አትቆይ፤ የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት ይይህ።