ማስተካከያ፦ የዉድበርን ሩሲያውያን የትናንት ስደተኞች አይደሉም

ባለፈው ጽሑፌ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት በዉድበርን ከተማ ዙሪያ የሚኖሩት ሩሲያውያን «ሶቪየት ኅብረት በ1991 ስትፈርስ የመጡ ናቸው» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ከዚያ ወዲህ የመጡም አሉ። ብዙ የሚወራላቸው የጥንቱ ሥርዓት አማኞች ግን የገቡት በ1960ዎቹ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ስህተቱ ቀላል አይደለም፤ የእነዚህ ሰዎች ስደት የሦስት መቶ ዓመት ታሪክ ነው። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ፓትርያርክ ኒኮን በ1650ዎቹ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት ሲለውጥ በሦስት ጣት አማትቡ ተባሉ። እነሱ በሁለት ጣት ጸኑ። መከራው ከዚያ ጀመረ። ከፊሎቹ ለትውልዶች ቱርክ ኖሩ። ሌሎቹ ወደ ቻይና ተሰደው፣ ከዚያ በሆንግ ኮንግ አድርገው ብራዚል ተሻገሩ። ኦሪገን ላይ ተገናኙ። በ1968 ደግሞ ጥቂት ቤተሰቦች አላስካ ወጥተው ኒኮላየቭስክ የምትባል መንደር ቆረቆሩ።

«የባህል ልብስ ለበዓል ብቻ ይለብሳሉ» ያልኩትም ልክ አይደለም። ሲጠመቁ የታጠቁት መቀነት በአዘቦትም ከአጥባቂዎቹ ወገብ አይለይም።

ገናንም በዲሴምበር 25 ሳይሆን ልክ እንደኛ በጃንዋሪ 7 ነው የሚያከብሩት።