«አ» የት ገባች?

ዛሬ ጠዋት «አ» ጠፋችብን። ሌሎቹ ፊደላት በሙሉ በሰላም ደርሰዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። አሥራ አራት ሰዎች አሥራ አራት ሬድዮ መገናኛ ወገባችን ላይ ሰክተን አንድ ቻናል ላይ እንውላለን። ከኋላ በር ገባ ብሎ ያለው ወለል ማታውን ቀለም ተቀብቷል። እስኪደርቅ በሩ እንዳይከፈት ተባለ። ጠዋት ዕቃ የጫኑ ጋሪዎች በሩ ጋ ደርሰው ቆሙ። ከፈረቃችን ልጆች አንዱ አየ። ፈጣን ልጅ ነው። ሬድዮውን ከወገቡ መዘዘና «አይክፈቱት!» አለ። የበሩ ጠባቂ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ የሰሙት ግን «ይክፈቱት!» የሚለውን ነው። ትእዛዙ በአንቱታ ነው የመጣው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ከፈቱት።

አምስት ጋሪ ገባ። አንደኛው መሀል ላይ ደርሶ አንድ ነገር ጠርጥሮ ዞሯል። የጎማው አሻራ ግማሽ ክብ ሠርቶ ወለሉ ላይ ቀርቷል። ሄጄ ለረጅም ጊዜ አየሁት። እጅ ያለው ሰው የሣለው ይመስላል።

«እኔ በትክክል ነው የተናገርኩት» ይላል ልጁ። እውነቱን ነው። አጠገቡ የነበርን ሁሉ «አ»ን ሰምተናታል። ያልሰማት ሬድዮው ብቻ ነው። ልጃችን መጀመሪያ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ የሬድዮውን ቁልፍ ተጫነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ይህ ዕቃ ስልክ አይደለም። ሲያዳምጥ አይናገርም፣ ሲናገር አያዳምጥም። ቁልፉ ሲጫን ከመቀበል ወደ መላክ ይዞራል፤ ለመዞር ቅጽበት ይፈልጋል። ወዲያ ማዶ ያሉት ሬድዮዎችም ዝም ብለው ከተቀመጡበት ነቅተው ድምፁን እስኪለቁ ሌላ ቅጽበት ይሄዳል። በዚህ መሀል የተነገረ ነገር የትም አይደርስም። ስለዚህ ትጫናለህ፣ አንድ ሰከንድ ትጠብቃለህ፣ ትናገራለህ። ሙያው ይኸው ነው። ሕፃን ልጅ በአምስት ደቂቃ ይለምደዋል። እኛ ዓመታት ሠርተንበት አንዲት ሰከንድ መታገሥ አቃተን።

መቼም በሌላ ቋንቋ ቢሆን የመጀመሪያዋ ድምፅ ብትቆረጥ ይህን ያህል ባላዘንኩ። አማርኛ ግን እምቢታውን የሚያስቀምጠው ግንባሩ ላይ ነው። «አትሂድ» ሲቆረጥ «ሂድ» ነው። «አትልቀቀው» ሲቆረጥ «ልቀቀው» ነው። ስታከብረው ይብሳል፤ «አይግቡ» እና «ይግቡ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። አክብሮት ራሱ አደጋ ሆነ ማለት ነው።

«አልመጣም» ይሻላል ትሉ ይሆናል። ከፊት «አል» አለው፣ ከኋላ «ም» አለው፤ እምቢታው በሁለት በኩል ተቆልፏል። እኔም እንደዚያ ብዬ እጽናና ነበር። ግን ቁልፉን ዘግይቶ የሚጫን ሰው ቁልፉን ቀድሞም ይለቃል። ጠባይ ነው። ከፊት «አል» ተበላ፣ ከኋላ «ም» ተበላ። ቀረ፦ «መጣ»። ባለፈው ያልመጣ ሰው መጣ ተብሎ ሦስት ሰው ሊቀበለው ወርዷል።

«ካፍ ከወጣ አፋፍ» የሚለውን ተረት በጣም ነው የምወደው። ቃል ከወጣ አይመለስም፣ ተጠንቀቅ ማለት ነው። የተረተው ሰው ግን ቃል ሲወጣ ሙሉውን ይወጣል ብሎ ነው ያሰበው። የእኛ ቃል ግማሹ አፋፍ ላይ ነው፣ ግማሹ አፍ ውስጥ ቀርቷል። አፋፉ ላይ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ የተሳሳተው ግማሽ ነው።

ይህ በሽታ አዲስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1937 አሜሪካ ውስጥ የኢሊኖይ ግዛት ፖሊሶች በዚሁ ተቸግረው ነበር። የመኪናቸው ሬድዮ ጉልበቱን የሚያገኘው ቁልፉ ሲጫን ከሚነሳ ትንሽ ሞተር ነው። ሞተሩ ፍጥነቱን እስኪይዝ የመጀመሪያዋ ድምፅ ትጠፋለች። ቻርልስ ሆፐር የሚባል የመገናኛ ኃላፊ መላ አመጣ። መልእክቱ ሁሉ ቁጥር ይሁን፤ ከቁጥሩ ሁሉ ፊት ደግሞ «አሥር» ይቀመጥ አለ። «አሥር አራት» ማለት ተቀብያለሁ ማለት ነው። «አሥር» ምንም ሥራ የላትም። ሥራዋ መበላት ነው። ፖሊሱን ትግስት ከማስተማር ለሞተሩ አንድ ቃል መገበር ይቀላል ብሎ ይሆናል። ሰው የሚያውቅ ሰው ነው።

እኔ ግን ይህን ሳነብ የተናደድኩት በሌላ ነው። እኛ «አሥር» አያስፈልገንም። የሚበላ ቃል ሞልቶናል። «ስማኝማ» አለ። «ይኸውልህ» አለ። «እንትን» አለ። ቀኑን ሙሉ በከንቱ ስንበትናቸው እንውልና ቁልፉ ላይ ስንደርስ እንቆጥባቸዋለን። ከሁሉም በላይ «ጋሼ» አለ! ያ ልጅ «ጋሼ፣ አይክፈቱት» ቢል ኖሮ ሬድዮው «ጋ»ን ይውጥ ነበር። «ሼ፣ አይክፈቱት» ይደርስ ነበር። በሩ ተዘግቶ ይውል ነበር። የሬድዮ ደንቡም ይህንኑ ነው የሚለው፤ መጀመሪያ የምትጠራውን ጥራ፣ ቀጥሎ ማን እንደሆንክ ተናገር። ሰው ሳይጠሩ ማዘዝ ነው ወለሉን ያበላሸው።

ደግሞ ቁልፉን ጨርሶ የማይለቀው አለ። ዕቃ ክፍል አንድ አለን። «ይሰማል? ይሰማል ወይ? ኧረ ይሰማል? ምነው ዝም አላችሁ?» ይህን ሁሉ ሲል ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። አሥራ ሦስት ሰው «ይሰማል!» እያለ ይጮኻል። እሱ ጆሮውን በገዛ ጣቱ ደፍኖ አኩርፏል። ሁለት ሰው እኩል ከተጫነ ደግሞ የእኛ ዓይነቱ ሬድዮ ለጉልበተኛው ያደላል። የቀረበው ወይም የበረታው ይሰማል፤ ሌላው እንዳልተወለደ ይሆናል። ተናግሮ እንዳልተሰማ እንኳ አያውቅም።

ደግነቱ የሠሩት ሰዎች እንዲህ ዓይነቱን ሰው ያውቁታል። በሬድዮው ውስጥ የጊዜ ገደብ አለ። የእኛው ስልሳ ሰከንድ ላይ ተሞልቷል። ስልሳ ሲሞላ ራሱ ይቆርጥና ጥዝ ይላል። ይህን ነገር ስብሰባ ላይ ለማስገጠም ያልጠየቅኩት ሰው የለም። እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ቀን ሬድዮው ላይ ተቀምጬ፣ ቁልፉ ወንበሩን ተጭኖ፣ ስልሳ ሰከንድ ሙሉ ዘፍኛለሁ። ማንም ምንም አላለኝም። ማታ ስወጣ ጋሼ ብቻ «ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቃሉን ስተኸዋል» አሉኝ።

«አንዲት ፊደል እኮ ናት፣ ምን ታካብዳለህ?» ይላሉ። ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 ቴነሪፌ ደሴት ላይ፣ በጭጋግ፣ ሁለት ቦይንግ 747 አንድ ማኮብኮቢያ ላይ ነበሩ። የአየር ማረፊያው መቆጣጠሪያ ማማ ለአንደኛው «እሺ» ብሎ ጀመረ፤ ቀጥሎ ግን ቆይ፣ እስክጠራህ ጠብቅ አለው። በዚያው ቅጽበት ሌላኛው አውሮፕላን እኛ ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን እያለ ነበር። ሁለቱ ድምፆች ተላትመው ፉጨት ሆኑ። ለመነሳት የተዘጋጀው የሰማው «እሺ»ን እና ፉጨቱን ነው። 583 ሰው አለቀ። ሌላም ብዙ ምክንያት ነበረው። ሁለት ሰው እኩል መጫኑ ግን አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ «መነሳት» የሚለውን ቃል ማማው የሚያወጣው በእርግጥ ተነሳ ሲል ወይም የሰጠውን ፈቃድ ሲሰርዝ ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ በሌላ ቃል ይዞራሉ። እነሱ ቃል ሲቆጥቡ የኛው ልጅ ሰከንድ ይቆጥባል። የኛ ወለል ስለሆነ ነው እንጂ!

ደሜ ከፈላ አይቀር የባትሪውን ነገር ላንሳው። ስድስት ዓመት ሆኖታል። አልረሳሁም፤ አልረሳምም።

ባትሪዬ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ስሜን ጽፌበታለሁ። ማታ ቻርጀሩ ላይ ሰካሁት። ቀይ በራ። ሲሞላ አረንጓዴ ይሆናል። ጠዋት መጣሁ። በእኔ ቦታ ሌላ ባትሪ ተሰክቶ ቀይ ያበራል። ፕላስተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ተልጦ፣ ተስተካክሎ፣ በፊቱ በኩል ተቀምጧል። ስሜን መለሰልኝ! ሌባ ብዙ አይቻለሁ፤ ስም አስረክቦ ባትሪ የሚወስድ ግን ያኔ ነው ያየሁት።

ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ከሁላችን በላይ የሚያወራው ነው። ይህ ጥላቻ አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ሬድዮ ሲያዳምጥ የሚበላው ጥቂት ነው፤ ሲናገር ግን ባትሪውን ይጋጠዋል። አምራቾች «ይህን ያህል ሰዓት ይቆያል» ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚያሰሉት ከመቶው አምስት እጅ ንግግር፣ አምስት እጅ ማዳመጥ፣ ዘጠና እጅ ዝምታ ብለው ነው። ዘጠና! ይህን ያሰበው መሐንዲስ ከምን ዓይነት ሰዎች ጋር እንደሚሠራ አላውቅም፤ ግን ይቅጠረኝ። የእኛ ሰውዬ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ባትሪውን በወሬ ይጨርሳል። ከዚያ የዝምተኛውን ይወስዳል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። አይነቅዝም፤ ይሰረቃል እንጂ። ዝም ብዬ ያጠራቀምኩትን ጉልበት ወስዶ «ትናንት ኳስ አይታችኋል?» እያለበት ዋለ። በእኔ ባትሪ! አቤት ብዬ ነበር። «ባትሪ ባትሪ ነው» አሉኝ።

ሰውዬው ሬድዮውን የሚይዘውም በአንቴናው ነው። እንደ አይጥ በጅራቱ አንጠልጥሎ እያወዛወዘ ይሄዳል። አንቴናው ሥሩ ላይ ሲላላ ድምፁ ይደክማል፤ ድምፁ ሲደክም «ይህ ሬድዮ አይረባም» ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከነበሩት ባለ እጅ ሬድዮዎች አንዱ አንቴናው ሲመዘዝ ነበር የሚበራው፤ ሲገባ ይጠፋል። ምነው ለእሱ ያንን በሰጡት። ዎኪ ቶኪ የሚለው ስም ራሱ በዚያው ጦርነት የወጣው በጀርባ ለሚታዘል ሬድዮ ነው። ከ14 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። ያንን አዝሎ ስለ ኳስ የሚያወራ ይኖራል ብዬ አላምንም።

ምን ላይ ነበርን? «ኦቨር»። አይ፣ ስለ «ኦቨር» አላወራሁም። «ኦቨር» ማለት ተራው ያንተ ነው፣ መልስህን እጠብቃለሁ ማለት ነው። «አውት» ማለት ጨርሻለሁ፣ ሄድኩ። ሁለቱን አንድ ላይ የሚል ሰው «ንገረኝ፣ አልሰማህም» እያለ ነው። እኛ ጋ ሁሉም ሁለቱንም ይላል። «ሮጀር»ም ሰው አይደለም። ድሮ ፊደል በስም ሲጠራ የ«አር» ስም ነበር፤ ተቀብያለሁ ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መነሻው «አር» ስለሆነ ቀረ። አዲስ የተቀጠረች ልጅ ሳምንት ሙሉ ስትሰማ ቆይታ «ይህ ሮጀር የማን ፈረቃ ነው? ሁሉም ይጠራዋል፣ አንድ ቀን አይመልስም» ብላኛለች። እሷ ቢያንስ ታዳምጣለች።

ወደ በሩ ልመለስ። ልጁን ጠርቼ ላስረዳው ነበር። ተጫን፣ አንድ ሰከንድ፣ ተናገር። «ጋሼ» በል። እንዲያውም ሁለት ጊዜ በል። ይህን ለማለት ስነሳ ሬድዮው ጮኸ።

«...ክፈተው!» አለ አንዱ።

«...ይከፈት?» አለ ሌላው። ከፊቷ «አ» ነበረች? አልነበረችም? ማን ያውቃል።

«ኧረ ልጆች፣ እኔን ምን አድርግ ነው የምትሉኝ?» አሉ ጋሼ። ጥርት ብሎ ተሰማ።

ልመልስላቸው ሬድዮዬን አነሳሁ። ቀይ መብራት። ባትሪውን ነቅዬ ገልበጥ አደረግኩት። ፕላስተር የለውም።

በእግሬ ሄጄ ልየው።