ቅዳሜና እሁዴን በሉብኝ

ኧረ ሰዎች ልተንፍስ፣ ሆዴ ሊፈነዳ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቻይና፣ ሺያን ከተማ ውስጥ ሳስተምር ከርሜ ሁዋሻን ተራራን ልየው ብዬ አርብ ማታ ተነሳሁ፣ በፈጣን ባቡር 40 ደቂቃ ገደማ ነው እኮ። ጣቢያው ላይ ቻይናዎቹ መታወቂያቸውን ነካ አድርገው ሲያልፉ የኔን ፓስፖርት ማሽኑ አላነብም አለ፣ ሰው ወዳለበት በር ሂድ ተባልኩ፣ እዛ ሰልፉ ንቅንቅ አይልም፣ በሩ ደግሞ ባቡሩ ከመነሳቱ ደቂቃዎች ቀድሞ ስለሚዘጋ ባቡሩ ቆሞ እያየሁት አመለጠኝ!

በሌላ ባቡር ስደርስ ከፍዬ የያዝኩት ሆቴል የውጭ ዜጋ አንቀበልም አለኝ። በ2024 እኮ መንግስት ሆቴሎች በዚህ ሰበብ እንግዳ እንዳይመልሱ ብሏል፣ ግን ልጅቷ ፓስፖርት ፖሊስ ሲስተም ላይ መመዝገብ ስላላወቀችበት እኔን መመለሱ ቀለላት። እሷን አልወቅስም፣ ያላሰለጠናት ነው ጥፋተኛው። ሌላ ስፈልግ ስልኬ ዘጋ። ስልክ ከሌለህ ቻይና ውስጥ ምንም የለህም፣ ብርህም ካርታህም የምትከፍልባቸው አፖች ዊቻትና አሊፔይም ሁሉም እዛ ውስጥ ነው፣ ፓወር ባንክ ለመከራየት እንኳን ስካን የምታደርግበት ስልክ ያስፈልጋል!! አንዲት ኑድል የሚሸጡ እናት ቻርጀር ባይሰጡኝ ውጭ ነበር የማድረው፣ እግዜር ይስጣቸው።

በነጋታው ንፋስ ነው ተብሎ ኬብል ካሩ ቆመ፣ 2154 ሜትር የሚሆነውን ጫፍ ከሩቁም ሳላየው ጉም ውጦት ተመለስኩ፣ ያውም መቀመጫ በሌለው ትኬት ቆሜ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ክላስ ነበረኝ፣ እግሬ አብጦ ነው የገባሁት።