ችግር ፈላጊው መፍትሔ

እ.ኤ.አ. በ1972 ማይክል ኮኸን፣ ጄምስ ማርች እና ዮሃን ኦልሰን የተባሉ ምሁራን 10 ውሳኔ ሰጪዎችና 20 ችግሮች ያሉበትን ምናባዊ መሥሪያ ቤት ፎርትራን በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ጽፈው በኮምፒውተር አሠሩት፤ ሞዴላቸውንም፣ አለቆች ይቀየሙናል ሳይሉ፣ በቆሻሻ መጣያ ገንዳ ሰየሙት። በዚህ መሥሪያ ቤት ውሳኔ የሚሰጠው ወይ ችግሩን ፈትቶ፣ ወይ ችግሩ ሳይደርስ ተሽቀዳድሞ፣ አለዚያም ችግሩ መጠበቅ ሰልችቶት ወደ ሌላ ጉዳይ ከሄደ በኋላ ነው። ፈትቶ መወሰን እምብዛም የተለመደ ሆኖ አልተገኘም። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሰዎቹና ችግሮቹ እየተከታተሉ ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው መዞራቸው ነው፤ ደመወዝ በልቶ የማያውቅ ኮምፒውተር የቢሮን ኑሮ ይህን ያህል ማወቁ ያስቀናል።

እነዚሁ ምሁራን መፍትሔም በበኩሉ ችግር ፍለጋ እንደሚዞር ጽፈዋል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወደ ቢሮ የገባው በዚሁ በር ነው። መጀመሪያ ይገዛል፤ ቀጥሎ ለምን እንደሚጠቅም የሚያጠና ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ከዚያም የሥራ ክፍሎች ሁሉ ችግር እንዲያዋጡ በደብዳቤ ይጠየቃሉ። ችግር የለብኝም ያለ ክፍል ለለውጥ ዝግጁ አይደለም ተብሎ ስለሚገመገም፣ ብልህ ኃላፊ አንድ ሁለት ችግር ለክፉ ቀን ያስቀምጣል።

ቀድሞ ሪፖርት መጻፍ ስለሚያደክም የሚጻፈው ጥቂት ነበር። ዛሬ ማሽኑ ያለ ድካም ይጽፋል፤ ያንን ሁሉ አንብቦ፣ የሌለ አንቀጽ እንዳለ አድርጎ ጠቅሶ እንደሆነ አጣርቶ የሚፈርመው ግን ያው ሠራተኛ ነው፤ ማሽኑ ቢሳሳት የሚቆረጥበት ደመወዝ የለውምና።

በዚያ ሞዴል የውሳኔ ሰጪዎቹ ጉልበት የተወሰነ ነበር። በእኔ ግምት ድካም የአስተዳደር ባለውለታ ነው፤ ስንቱ ከንቱ ስብሰባ የተበተነው ሰው ስለራበው ብቻ ነው! አሁን ግን የማይደክም፣ የማይራብ፣ «እጅግ ግሩም ሐሳብ ነው» ማለት የማይሰለቸው ተሰብሳቢ ተጨምሯል። ቃለ ጉባኤውንም የሚይዘው እርሱ ስለሆነ፣ አንድም ሐሳብ ያልተሰነዘረበትን ውሎ ሳይቀር ዋና ዋና ነጥቦች፣ የጋራ መግባባትና የቀጣይ ሥራ ዕቅድ አበጅቶለት ያቀርባል። ችግሩ ግን በመሐል ተነሥቶ ወደ ሌላ የሥራ ክፍል ሄዷል፤ የዚያ ክፍል ኃላፊም ለደብዳቤው የሚያዋጣው አጥቶ ስለነበር በደስታ ተቀብሎ መዝግቦታል።