በኮታ የገቡት ሼሪ ረሕማን እና የፓርቲያቸው ዝምታ

የቀድሞዋ የፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር ቤናዚር ቡቶ ራዋልፒንዲ ላይ የተገደሉት ዲሴምበር 27፣ 2007 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እንያዛቸው)። የነበሩበት መኪና ጎማው ፈንድቶ አልሄድ ሲል ወደ ሌላ መኪና አዛውረው ሆስፒታል አደረሷቸው። ያ መኪና የፓርቲያቸው ሰው የሼሪ ረሕማን ነበር። አስከሬኑን ካጠቡት ሴቶች መካከልም ወይዘሮ ሼሪ ነበሩ። መንግሥት ወዲያው "ጥይት አልመታቸውም፣ ጭንቅላታቸው ከመኪናው ጣሪያ መክፈቻ እጀታ ጋር ተጋጭቶ ነው" ብሎ መግለጫ ሲያወጣ፣ ወይዘሮ ሼሪ ጋዜጠኛ ፊት ቀርበው የለም አሉ። ሲያጥቧቸው የጥይቱን ቁስል በዓይናቸው እንዳዩ ተናገሩ። በኋላ የእንግሊዝ ፖሊስ፣ የስኮትላንድ ያርድ መርማሪዎች የግጭቱን ነገር ነው የደገፉት። ማን ልክ ነበር የሚለው ይቅር። እኔን የገረመኝ በዚያ ሰሞን፣ በዚያ አገር፣ ያዩትን ያንን ይዘው መውጣታቸው ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ፓኪስታን ሴት የፓርላማ አባላት ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው "ተዋቸው፣ የኮታ ናቸው" ስለሚል ነው። ወይዘሮ ሼሪም የኮታ ናቸው፣ አዎ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በ2002ቱ ምርጫ ብሔራዊ ምክር ቤቱ 342 ወንበር ነበረው። ከዚህ ውስጥ 60 የሚሆነው ለሴቶች ብቻ የተተወ ነው። ፓርቲዎች የሴቶቻቸውን ስም በቅደም ተከተል ጽፈው ለምርጫ ኮሚሽኑ አስቀድመው ያስገባሉ። ምርጫው ሲያልቅ ፓርቲው ባሸነፈው ወንበር ልክ ከዝርዝሩ ላይ ከላይ ወደ ታች እየተቆጠረ ይታደላል። ስምሽን አይቶ ካርድ ሳጥን ውስጥ የከተተልሽ ሰው የለም። "መራጮቼ" የምትዪው ሰፈርም የለሽም። ዝርዝሩ ላይ ከላይ መሆንሽን ወይም ከታች መሆንሽን የሚወስነው የፓርቲው አለቃ ነው።

ግን በቀጥታ የተመረጡትስ? ሂና ረባኒ ኻርን ተመልከቱ፣ በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት። በዚያው በ2002 እጩ ተወዳዳሪ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል የሚል ሕግ ወጣና ባለመሬቱ አባታቸው መወዳደር አቃታቸው። ልጅቷ ዲግሪ ነበራቸው፣ ቀረቡ፣ አሸነፉ። የምርጫ ፖስተሩ ላይ ግን የእሳቸው ፎቶ አልነበረም። ሰልፉ ላይ የሚናገሩትም አባትየው ነበሩ። እንግዲህ ከኮታው ይልቅ ይኼ ነው የሚያኮራው?

ወይዘሮ ሼሪ ፖለቲካ ውስጥ የገቡት በጋዜጠኝነት በኩል ነው። "ሄራልድ" የሚባለውን የካራቺ መጽሔት አሥር ዓመት በዋና አዘጋጅነት መርተዋል። ምክር ቤት እንደገቡ ስለ ክብር ግድያ፣ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት፣ ዝሙትንና የመሳሰሉትን በሸሪዓ የሚቀጡትን የሑዱድ ድንጋጌዎች ስለ መሻር ረቂቅ በረቂቅ ላይ አቀረቡ። አብዛኛው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ቀረ። በ2008 ፓርቲያቸው የፓኪስታን ሕዝቦች ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ የማስታወቂያ ሚኒስትር ሆኑ። ዓመት አልቆዩም ማለት ይቻላል። በማርች 2009 ጠበቆች ከሥራ የተነሱት ዋና ዳኛ ይመለሱ ብለው ወደ ዋና ከተማዋ ጉዞ ሲጀምሩ ጂኦ የሚባለው የግል ቴሌቪዥን ሥርጭት በየቦታው ተቋረጠ። ወይዘሮ ሼሪ ይህን ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ። እኛ ዘንድ ሚኒስትር በራሱ ፈቃድ ለቀቀ ሲባል "ምን አጥፍቶ ነው?" ነው የምንለው።

ከዚያ የ2010 መጨረሻ መጣ። ነገሩ የተጀመረው ከዓመት በፊት ፑንጃብ ውስጥ፣ ፍራፍሬ የሚለቅሙ ሴቶች ማሳ ላይ ነው። አስያ ቢቢ የምትባል ክርስቲያን የቀን ሠራተኛ ውሃ ቀድታ ጠጣች። ሌሎቹ ጽዋውን አረከስሽው አሏት፣ ተጨቃጨቁ፣ ጭቅጭቁ ነቢዩን ሰድበሻል ወደሚል ክስ ተለወጠ። በኖቬምበር 2010 ፍርድ ቤት በስቅላት እንድትሞት ፈረደባት። ወይዘሮ ሼሪ በዚያው ወር ረቂቅ አስገቡ። ነቢዩን መስደብ የሚቀጣው ሕግ ይሰረዝ እንኳ አላሉም። የሞት ቅጣቱ ይነሳ፣ ተከሳሹ ሆን ብሎ ማድረጉ ይረጋገጥ፣ በሐሰት የከሰሰም ይቀጣ፣ ነው ያሉት።

ጃንዋሪ 4፣ 2011 የፑንጃቡ ገዥ ሰልማን ታሲር፣ አስያን እስር ቤት ድረስ ሄደው የጠየቋት የዚያው ፓርቲ ሰው፣ ኢስላማባድ ገበያ አጠገብ በገዛ ጠባቂያቸው ተተኮሰባቸውና ሞቱ። ገዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ጠበቆች የጽጌረዳ ቅጠል በተኑበት። ከሁለት ዓመት በፊት ለዳኛው የተሰለፉት እነዚያው ጥቁር ኮቶች፣ እያልኩ አስባለሁ። ቀጣይዋ ሼሪ ናቸው ተባለ። ካራቺ ቤታቸው ውስጥ ተዘግተው ከረሙ። ከአገር ውጡ ሲሏቸው አሻፈረኝ አሉ።

ፓርቲው የት ነበር? ሥልጣን ላይ ነበር! ፕሬዚዳንቱ የእሱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የእሱ። ጭጭ አለ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጊላኒ ሕጉን የመንካት ሐሳብ የለንም ብለው ደመደሙት። በፌብሩዋሪ ወይዘሮ ሼሪ የፓርቲዬን ውሳኔ እቀበላለሁ ብለው ረቂቁን ተዉት። በወሩ፣ ማርች 2፣ በካቢኔው ውስጥ ብቸኛው ክርስቲያን ሚኒስትር ሻህባዝ ባቲ በጥይት ተገደሉ።

እዚህ ጋ ነው የኮታው ነገር የሚገባኝ። ያንን ረቂቅ ሊያቀርቡ የቻሉት ቆጥሮ የሚቀጣቸው የምርጫ ወረዳ ስላልነበራቸው ነው ብዬ አምናለሁ። በቀጥታ የተመረጠ አንድም ሰው በእጁ ሊነካው አልደፈረም። ብቻቸውን ሲቀሩም በዚያው ምክንያት ነው የቀሩት። ከኋላዬ ይህን ያህል ሕዝብ አለ ብለው አለቆቻቸውን የሚያስፈራሩበት ነገር አልነበራቸውም።

በዚያው ዓመት በኖቬምበር ዋሽንግተን አምባሳደር አድርገው ላኳቸው። ሹመት ነው፣ ደግሞም ገለል ማድረግ ነው፣ ሁለቱም። በሹመቱ ቀናት ውስጥ የኔቶ አውሮፕላኖች በአፍጋኒስታን ድንበር ላይ 24 የፓኪስታን ወታደሮችን ገደሉ፣ እናም የመጀመሪያ ሥራቸው አሜሪካን ይቅርታ ማስባል ሆነ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን አዝናለሁ ያሉት በጁላይ 2012 ነው። ወይዘሮ ሼሪ ዋሽንግተን እያሉ፣ አገር ቤት ሙልታን ከተማ ላይ ፖሊስ ነቢዩን ሰድበዋል የሚል ክስ መዘገበባቸው። ምክንያቱ በ2010 ስለ ረቂቁ በቴሌቪዥን የተናገሩት ነው።

በ2015 ሴናተር ሆኑ፣ ይኸም በክልል ምክር ቤት ድምፅ እንጂ በሕዝብ ካርድ አይደለም። በ2018 በሴኔቱ የመጀመሪያዋ ሴት የተቃዋሚዎች መሪ፣ በ2022 የአየር ንብረት ለውጥ ሚኒስትር። በዚያ ክረምት ጎርፉ መጣ። 33 ሚሊዮን ሰው ተጎዳ፣ ከ1,700 በላይ ሞተ። "የአገራችን ሲሶ ውሃ ውስጥ ነው" ያሉት እሳቸው ናቸው። የሳተላይት ምስል ያዩ ሰዎች ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው አሉ፣ እኔም አጋነዋል ባይ ነኝ። ቢሆንም ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተካሄደው የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ ፓኪስታን የታዳጊ አገሮቹ ስብስብ የቡድን 77 ሊቀ መንበር ሆና፣ ኢትዮጵያም ያለችበት ማለት ነው፣ ለጉዳትና ኪሳራ የሚከፍል ፈንድ እንዲቋቋም አስወሰነች። ፓርቲያቸው ያኔ ከጎናቸው ነበር። ሀብታም አገሮችን ክፈሉ ማለት ካራቺ ውስጥ ማንንም አያስቆጣማ።

አስያ ቢቢ ደግሞ በኦክቶበር 2018 ነፃ ወጣች፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤት። ስምንት ዓመት ያህል የሞት ፍርደኛ ሆና ከታሰረች በኋላ ወደ ካናዳ ሄደች። የተፈረደባት ነቢዩን መስደብ የሚቀጣው አንቀጽ 295-ሲ ግን ዛሬም እንዳለ ነው፣ የሞት ቅጣቱም አልተነሳም።